መልስ፦ የሂሮሺማው ጉልላት ለምን አልፈረሰም? ለምንስ አልታደሰም?

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉልላቱ በጃፓኗ ሂሮሺማ ከተማ ላይ የአቶም ቦምብ ሲጣል ቆሞ የቀረ የሕንፃ ፍርስራሽ ነው። ቦምቡ የፈነዳው 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ለሕንፃው እጅግ ቅርብ ሆኖ ነው። ግፊቱ ከላይ ወደ ታች ስለወረደ የመሃሉ ግድግዳ ሳይወድቅ ቀረ። የጉልላቱ የመዳብ ክዳን ቀልጦ የብረት አጥንቱ ብቻ ተረፈ። ውስጥ የነበሩ ሰዎች ግን አንድም አልተረፉም።

ብዙዎች ሲያዩት ስለሚያማቸው ይፍረስ ይሉ ነበር፤ አይፈረድባቸውም። እንዲቆይ የታገሉት ልጆች ናቸው! በአንድ ዓመቷ ለጨረሩ የተጋለጠች ልጅ በ16 ዓመቷ በደም ካንሰር ሞተች። በማስታወሻ ደብተሯ ስለ ፍርስራሹ የጻፈችው የልጆቹን ልብ ነክቶት እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳይፈርስ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 እንዲጠበቅ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስንጥቁን ይደፍናሉ፣ በብረት ይደግፋሉ እንጂ የጎደለውን አይሞሉም።