ኖማድን መልሼ ስሠራ 33 ሳንቲ ሜትር ያስከፈለኝ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ፋይበርግላስ ሥራ እችላለሁ፣ ቤቴ ጋራዥ አለኝ። በ1950ዎቹ ለትርኢት ተሠርተው ከጠፉት የአሜሪካ ኮንሴፕት መኪናዎች አንዱን ፈልጌ ባገኝ፣ ካልሆነም መልሼ ብሠራው እመኛለሁ። ከየት ልጀምር?» ነው ያልከው። እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት ይህንኑ ብዬ ነው የተነሳሁት፤ የሠራሁትም የ1954ቱን ሼቭሮሌት ኖማድ ነው። ስለ ሬዚን አደባለቅ አልነግርህም፣ እሱን ታውቀዋለህ። የምነግርህ ገንዘቤንና ጊዜዬን የበላብኝን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. መፈለግና መሥራት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው፤ አንዱን ምረጥ።

ፍለጋ ሲባል ሁሉም ሰው የመኪና ሰብሳቢውን የጆ ቦርትዝን ታሪክ ያነሳል። እውነትም የሚያጓጓ ታሪክ ነው። ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) ሞቶራማ ከሚባለው የራሱ የመኪና ትርኢት በኋላ እንዲፈጩ ብሎ የላካቸው አራት መኪናዎች ሚሺጋን፣ ስተርሊንግ ሃይትስ፣ ዋርሁፕስ በሚባል ጃንክያርድ (የአሮጌ መኪና መጣያ ግቢ) ውስጥ ለ30 ዓመት ያህል ተቀምጠው ቆዩ። ቦርትዝ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገዛቸው። ሁለቱ ላሳል 2፣ አንዱ ኤልዶራዶ ብሮም ታውን ካር፣ አንዱ ደግሞ የ1955ቱ ሼቭሮሌት ቢስኬን ነበሩ። ቢስኬኑ ተቆራርጦ ነበር። ቁርጥራጩን ገጣጥሞ መኪና እስኪያደርገው ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቷል።

እኔም ይህን ሰምቼ የሁለት ሳምንት ዕረፍቴን ወስጄ ሚሺጋን ሄድኩ። ሦስት ጃንክያርድ ዞርኩ። ያገኘሁት ጭቃና የውሻ ጩኸት ነው። አንዱ ባለቤት «ለዚህ ነገር የመጣህ አንተ ስንተኛው እንደሆንክ ታውቃለህ?» አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። በአጋጣሚ የሚገኘው ተገኝቷል። የቀረው ያለው በሰዎች ትዝታ፣ በጡረተኛ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት፣ በቆየ ደረሰኝ ውስጥ ነው። ጊዜ ካለህ እነሱ ጋ ሂድ። «ሌ ማን» (Le Mans) ከሚባሉት ከአራቱ የ1953 የካዲላክ የትርኢት መኪናዎች አንዱ እስካሁን የት እንደገባ አልታወቀም፤ ብፈልግ የምፈልገው እሱን ነው። ኖርስማን የተባለውን የክራይስለር ኮንሴፕት መኪና ግን እርሳው። ጣሊያን ቱሪን ላይ ጊያ የተባለ የመኪና ቦዲ ሠሪ ድርጅት ሠርቶት፣ በአንድሪያ ዶሪያ መርከብ ተጭኖ ሲመጣ መርከቡ በጁላይ 1956 ናንተኬት አጠገብ ሰጠመ። ከ70 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነው ያለው። ያንን ውሃ የጠለቁ ጠላቂዎች ሕይወታቸውን አጥተውበታል።

2ኛ. ሻንሲ (ቦዲው የሚቀመጥበትን የብረት አጽም) ሳትገዛ ለካ።

ወንድሜ፣ ይቺን ነገር በደንብ አንብባት። እኔ የመረጥኩት የ1954ቱን ኖማድ ነው። ሼቭሮሌት በጃንዋሪ 1954 ኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ያቀረበው ነው። ፊቱ ኮርቬት (የሼቭሮሌት ስፖርት መኪና)፣ ኋላው ስቴሽን ዋገን (ጣሪያው እስከ ኋላ የሚረዝም የቤተሰብ መኪና)፣ ቦዲው ፋይበርግላስ። በ1955 ለገበያ የወጣው ኖማድ ጣሪያውን ያገኘው ከሱ ነው። ራሱ መኪናው ግን ከትርኢቱ በኋላ ጠፍቶ ቀረ።

ሰው ሁሉ «ኮርቬት ኖማድ» ይለዋል። እኔም በኮርቬት ሻንሲ ላይ የተሠራ መሰለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ነድቼ፣ ተጎታች ተከራይቼ፣ አንድ የዛገ የ1950ዎቹ ኮርቬት ሻንሲ በ7,200 ዶላር ገዛሁ። ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) እንኳ አልነበረውም። የኮርቬት የፊት ቦዲ አዲስ ተሠርቶ ስለሚሸጥ አዘዝኩና ገጠምኩት። እጅግ ያምር ነበር። ያ ጥርሳም ፊት ጋራዤ ውስጥ ሲያበራ ቡናዬን ይዤ እያየሁት አመሽ ነበር።

ከዚያ ጣሪያው ላይ ገባሁ። የገበያውን ኖማድ ጣሪያ ቆርጠህ ለመጠቀም እንዳታስብ፤ ይገዝፋል። ከባዶ ነው የሠራሁት። በእንጨትና በፎም ቅርጹን አወጣሁ፣ አለሰለስኩት፣ ሞልድ (ፋይበርግላሱ የሚነጠፍበትን ቅርጽ ማውጫ) አወጣሁለት። ጣሪያው ላይ በወርድ የተሰመሩትን ቦዮች ብቻ ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብኝ። ጥፍሬን እያስኬድኩ ነበር የምፈትሻቸው፤ ጥፍሬ ከያዘው እንደገና እፈገፍገዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቴና የባለቤቴ ወንድም መጡልኝ። ሦስት ሆነን ጣሪያውን አነሳነው። ከፊት መስታወቱ ጫፍ ልክ ገባ። ኋላው ግን የኋላውን በር አልፎ አየር ላይ ቀረ። ማንም አልተናገረም። ሜትሬን ዘረጋሁ። 33 ሳንቲ ሜትር።

ጣሪያው ነው የተሳሳተው ብዬ አመንኩ። የባለቤቴ ወንድም «ቁረጠውና አሳጥረው» አለኝ። መቁረጫውን ሶኬት ላይ ሰክቼ ነበር። ባለቤቴ ምሳ ይዛ ገባች። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ፎቶ አየችና «በሩና የኋላ ጎማው መሀል ያ ሁሉ ቦታ የት ሄደ?» አለች። ስለ መኪና ምንም አታውቅም። ዓይን ግን አላት። መቁረጫውን ነቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ዲትሮይት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትልቅ የመኪና ታሪክ ክምችት አለ፤ እዚያ ሄድኩ። ኖማዱ የተሠራው በ1953 ስቴሽን ዋገን ሻንሲ ላይ ነው። ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል 115 ኢንች ነው። የኮርቬቱ 102 ነው። ልዩነቱ 13 ኢንች፣ በሳንቲ ሜትር 33። ጣሪያዬ ትክክል ነበር! ስህተቱ ከሥሩ ነው። ሻንሲውን በገዛሁበት ሲሶ ዋጋ ሸጥኩት። ወለሉን፣ የሞተር ማሰሪያውን፣ ሁሉንም እንደገና። ተደምሮ 11,000 ዶላርና አንድ ዓመት ሄደ።

ይህን ሁሉ በአንድ እርሳስ ማስቀረት ይቻል ነበር። በትክክል ከጎን የተነሳ ፎቶ ፈልግ፤ ራቅ ብሎ የተነሳ ይሁን። የዚያ ዘመን የሼቭሮሌት ጎማ ከዳር እስከ ዳር ወደ 28 ኢንች ነው። ጎማውን እንደ መለኪያ ያዝና በሁለቱ ጎማዎች መሀል ለመሀል ስንት ጊዜ እንደሚገባ ቁጠር። ከአራት ጥቂት ካለፈ የዋገን ሻንሲ ነው። ሦስት ተኩል ላይ ትንሽ ካለፈ የኮርቬት ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የዘመኑን የማስታወቂያ ሥዕል ግን አትለካ። ሠዓሊዎቹ መኪናውን ረዘምና ዝቅ አድርገው ነው የሚሥሉት፤ ሰዎቹንም ያሳንሷቸዋል።

3ኛ. ወረቀቱ። ይኼን ስጽፍልህ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ሁለተኛውን ሻንሲ፣ የ1953 ዋገኑን፣ ከነታይትሉ ነው የገዛሁት። መኪናው አለቀ፣ ላስመዘግበው የግዛታችን መኪና ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። ፎርሙ ላይ «1954 ሼቭሮሌት ኖማድ» ብዬ ጻፍኩ። ለኔ መኪናው እሱ ነዋ! መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ የሻንሲ ቁጥሩን ኮምፒዩተሯ ላይ አየችና «ቁጥሩ 1953 ይላል፣ አንተ 1954 ትላለህ። ከሁለት አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለችኝ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ላስረዳት ስሞክር ቅላጼዬን ሰምታ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ፎርሙን በጣቷ ገፋ አድርጋ «ቀጣይ» አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ግብር የከፈልኩ ሰው ነኝ። እንደ ሌባ ነው ወጥቼ የሄድኩት።

አምስት ወር ተመላለስኩ። ያወጣኝ ጥሩ ጠባይ ሳይሆን ደረሰኝ ነው። የእያንዳንዷን ብሎን ደረሰኝ ሳይቀር በክላሰር ይዤ ነበር። መርማሪው መኪናውን ሊያይ መጣ፣ ክላሰሩን ገለጠ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ ፈረመልኝ። በብዙ ግዛቶች በግለሰብ ለተገጣጠመ መኪና የተለየ ምድብ አለ። አንተ ከመጀመሪያው እዚያ ውስጥ ግባ። ኦሪጂናል የሚመስል ነገር ፎርም ላይ አትጻፍ፤ ለገዢም ለተመልካችም መልሶ የተሠራ መሆኑን ንገር። እኔ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ይህንኑ የሚል ሳህን ለጥፌበታለሁ። የዋጋውን ነገር ታውቃለህ። የ1954ቱ የትርኢት መኪና ኦልድስሞቢል ኤፍ 88 በ2005 ጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሸጠው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት ሰው ይጠረጥርሃል፣ መብቱም ነው።

4ኛ ብዬ ስለ ሞተሩ ልጽፍልህ ነበር፤ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ብሉ ፍሌም ከፓወርግላይድ ካምቢዮ ጋር እንደልብ ይገኛል፣ አያስቸግርህም። የሚያስቸግርህ የኋላው መስታወት ነው። ወደ ታች ወርዶ በሩ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሐዲዱ በአንድ ሚሊ ከዞረ ይይዛል። እኔ ስድስት ጊዜ አውጥቼ አስገብቼዋለሁ። አሁን በአዝራር ነው ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደው።

ባለፈው በጋ ትርኢት ላይ አቁሜው፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ዝም ብለው ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ከኪሳቸው ሜትር አወጡ። ጫፉን እንድይዝላቸው ሰጡኝና ከጎማ መሀል እስከ ጎማ መሀል ለኩ። «115» አሉ፣ ሜትሩን ለቀቁት፣ እጄን ጨበጡኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ማታ ለባለቤቴ ስነግራት «ነግሬህ የለ» አለች።

የጣሪያው ሞልድ ጋራዤ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ አለ። አንድም ስንጥቅ የለበትም። ኖማድን ከመረጥክና የዋገን ሻንሲ ከነታይትሉ በእጅህ ከገባ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ናና ውሰደው። ገንዘብ አልቀበልህም። ግን ረጅም ተጎታች ይዘህ ና፣ ፒክአፕ ላይ አይገባም።