መልስ፦ ግማሹን ቅድሚያ ክፈል ላለህ ሰውዬ

ጅማ ያለውን ቤትህን ጣሪያ ቀይሮ ግድግዳውን በሲሚንቶ የሚለስንልህ ሠራተኛ ግማሹን ቅድሚያ ክፈል ብሎኛል፣ ልክፈለው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አትክፈል። ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩን ከነጎማው፣ ሲሚንቶውንም ራስህ ግዛ። ለእሱ የእጅ ዋጋውን ብቻ፣ በየደረጃው፦

1. አሮጌው ወርዶ የበሰበሰው ማገር ሲቀየር
2. አዲሱ ቆርቆሮ ሲመታ
3. ልስኑ ሲያልቅ

የመጨረሻዋን ክፍያ ግን አንድ ደህና ዝናብ እስኪዘንብ ያዛት። ጅማ ላይ ይሄ ብዙ አያስጠብቅህም። ውሉም በወረቀት ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ጎረቤት ነው ብለህ አትለፈው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ቤቴ ጭቃ ነው ብለሃል፤ ስለዚህ ጣሪያውን በአንዴ እንዳያወርደው። ሠራተኞቹ ጠዋት ፀሐይ ያያሉ፣ ጣሪያውን ይገነጥሉታል፣ ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል። ግድግዳው ከላይ ውሃ ከጠጣ፣ የለሰንከው ሲሚንቶ ቆይቶ እየተላቀቀ ይረግፋል። በጣትህ ስታንኳኳው ባዶ ድምፅ ከሰጠህ ለቋል ማለት ነው። ጣሪያውን አንዱን ጎን ቀይሮ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሂድ። መሸፈኛ ላስቲኩ ደግሞ ሥራው ሳይጀመር ግቢ ውስጥ ይገኝ፤ «እናመጣለን» አይሠራም።