ቮልሷ እግር ሲነሳላት ለምን ትጠፋለች?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1971 ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ካርቡራተሯን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ጋራዥ ካሳጠብኩ ወዲህ ነዳጅ እየሰጠኋት ትሄዳለች፤ እግሬን ሳነሳ ትጠፋለች። መካኒኩ «አዲስ ካርቡራተር ግዛ» ይለኛል። ልግዛ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ! ነዳጅ ስትሰጣት የምትሄድ ከሆነ ችግሩ ሚኒሞው ላይ ነው፤ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝግታ የሚዞርበት ላይ። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። ከካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ቫልቭ ሽቦዋን ነቅለህ መልሰህ አስነካት። «ቀጭ» ካላለች ለሚኒሞ ቤንዚን አይደርስም። ከእጥበት በኋላ ሽቦዋን ረስተው የሚተዉ ብዙ ናቸው።

ቀጭ ካለች የሚኒሞውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ብሎን) አስፈትተህ በአየር አስነፋው። በሽቦ እንዳይወጉት፤ ናስ ስለሆነ ቀዳዳው ቶሎ ይሰፋል። ከካርቡራተሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮንም (አየር እንዳይገባ የሚገጠመውን ማሸጊያ) እይ፤ አሮጌውን መልሰው ገጥመውት ከሆነ አየር ያስገባል።

አሁን ሞተሩን አሙቀው። በካርቡራተሩ ጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ትንሿን የድብልቅ ብሎን በቀስታ እስክትቆም አጥብቀህ ሁለት ዙር ተኩል መልሳት። በትልቋ ብሎን ሚኒሞውን በደቂቃ ወደ 850 ዙር አምጣው። ከዚያ ትንሿን ወዲህ ወዲያ እያልክ ሞተሩ ለስልሶ የሚዞርበትን ቦታ ፈልግ። የነዳጁን ክንድ የምትገፋዋን ብሎን ግን አትንካ። ብዙ መካኒክ ካቻቢቴውን ይዞ የሚሮጠው ወደ እሷ ነው፤ እኔን ደግሞ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተመጠነ ዋና ጄት እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) ጥላሸት ለብሶ ካገኘኸው በአንድ ደረጃ የሚያንስ ዋና ጄት አስገባ።