የኩላሊት እጢ ሳይከፈት በመርፌ ይታከማል ወይ?

እህቴ፣ አባትሽ ኩላሊት ላይ 2.7 ሴንቲሜትር እጢ ተገኝቶ፣ ሐኪሙ «ሳንከፍት በመርፌ እናክመዋለን» ማለቱ ይታመናል ወይ ብለሻል። አዎ፣ ይታመናል። እኛ ሰበታ ነን። አባቴ ህንድ ሄዶ በዚሁ መንገድ ታክሟል።

መርፌው በደንብ የሚሠራው እስከ 3 ሴንቲሜትር ለሆነ እጢ ነው። ከ4 ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል። ቦታውም ወሳኝ ነው፤ ወደ ኩላሊቱ መሃል፣ ትልልቁ የደም ሥር አጠገብ ከሆነ ይከብዳል። ከእጢው ለምርመራ የሚሆን ናሙና አስቀድሞ ይወሰድ። አባትሽ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሪው።

መርፌው ራሱ እጢው ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ዘዴ እጢውን በሙቀት ያቃጥላል፣ ሌላው በቅዝቃዜ ይገድላል። የአባቴ በቅዝቃዜ ነበር። በሆዱ አስተኝተው፣ በሲቲ ስካን እያዩ ቀጫጭን መርፌዎች በጀርባው አስገቡ። በአርጎን ጋዝ እጢው በረዶ ይሆናል፣ ይቀልጣል፣ እንደገና በረዶ ይሆናል። አንጀቱ ቀርቦ ስለነበር በመሃል ፈሳሽ ጨምረው ገፋ አደረጉት። ሐኪሙ በኋላ ምስሉን አሳየን፤ መርፌው ነጭ መስመር፣ በረዶው ዙሪያውን ጠቆር ያለ ክብ። ጀርባው ላይ የቀረው ፕላስተር ብቻ ነበር። ሽንቱ ትንሽ ቀላ ብሎ ጠራ።

አደራ የምልሽ ክትትሉን ነው። እጢው ተቆርጦ አይወጣም፣ እዚያው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ሲቲ ላይ «አሁንም አለ፣ እንዲያውም ሰፍቷል» ቢሏችሁ አትደንግጡ፤ ለጥንቃቄ ዙሪያውንም ጭምር ስለሚገድሉት ነው። በደም ሥር የሚሰጠውን ቀለም ይስባል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሳበ ያልሞተ ነገር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ይሄ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ በመርፌው ላይ ያጋጥማል፤ ግን መርፌውን መድገም ይቻላል፣ በጊዜው ከታየ።

አባቴ «ድኛለሁ እኮ፣ ምን ያንከራትተኛል» ይላል። እውነቱን ነው፣ በባዶ ሆድ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ መሃል ከተማ መግባት ለሽማግሌ ቀላል አይደለም። እኔ ግን አልለቀውም። ክሪያቲኒኑን፣ ማለትም ኩላሊቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ቀደም ብለን እናስመረምራለን። ያለፉት የሲቲ ምስሎች ያሉባቸውን ሲዲዎች በሙሉ እይዛለሁ፤ የሚያነበው ሐኪም ከበፊቱ ጋር ካላስተያየው ለውጡን እንዴት ያውቃል?

ለመሆኑ የአባትሽ ክሪያቲኒን ስንት ነው? ሁለተኛው ኩላሊታቸውስ ደህና ነው? እሱ ደከም ያለ ከሆነ፣ ሐኪሙ መርፌውን የመረጠው የታመመውን ኩላሊት ለማትረፍ ብሎ ሊሆን ይችላል።