ፕሪዝሙን ምልክት ሳታደርግበት እንዳትነቅለው

ወንድሜ፣ የአባትህ 6×30 (ስድስት እጥፍ የሚያቀርብ፣ የትልቁ ሌንስ ስፋት 30 ሚሊሜትር የሆነ) የጦር ሜዳ መነጽር ውስጡ ጉም እንደለበሰ ነግረኸኝ፣ ራስህ ልትፈታው ትችል እንደሆነ ጠይቀሃል። ትችላለህ። እኔም የአጎቴን ፈትቻለሁ፤ ግን ዋጋዬን አግኝቼበታለሁ።

1. መጀመሪያ በትልቁ ሌንስ በኩል ባትሪ አብራበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው። ቆይቶ የሌንሱን ቅብ ይበላዋል፤ ቅቡ ከተበላ ደግሞ በጽዳት አይመለስም።

2. ከመጥረግህ በፊት አቧራውን ንፋበት። ከዚያ አልኮል በነካ ጥጥ፣ ሳትጫን። አሴቶን ቀለሙን ይልጠዋል። ትልቁ ሌንስ ሁለት መስታወት ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አልኮል ውስጥ አትዘፍዝፈው። በአንዱ ዓይን በኩል ስስ መስመርና ቁጥር ካየህ ደግሞ ለርቀት መለኪያ ነው። ቆሻሻ መስሎህ እንዳትፈትገው።

3. ፕሪዝም፣ ማለትም መነጽሩ ውስጥ ብርሃኑን የሚያጥፈው ወፍራም መስታወት። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ናቸው። እኔ ጎበዙ አራቱንም በአንድ ማታ ነቅዬ ፎጣ ላይ ደረደርኳቸው። አጥቤ ሳበቃ የቱ የየት እንደነበር ጠፋኝ፤ መንታ ናቸው። እንደመሰለኝ መለስኳቸው። በአንድ ዓይን ሳይ ጥርት ያለ ነው። በሁለቱም ሳይ ግን ሩቅ ያለው የመብራት ምሰሶ ሁለት ሆነ፣ አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ። በደቂቃ ውስጥ ራሴን አመመኝ።

ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «የሰው እጅ የገባበት አልነካም» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ገፋልኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

እልህ ያዘኝና ራሴው ገባሁበት። የኔው በትልቁ ሌንስ ዙሪያ አንድ ጎናቸው ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን የሆኑ ሁለት ቀለበቶች አሉት። ሲዞሩ ሌንሱን ወደ ጎን ይገፉታል። መነጽሩን ጠረጴዛ ላይ አስሬ፣ ምሰሶውን እያየሁ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኳቸው። መጀመሪያ የላይና ታቹን ልዩነት አጥፋ፤ የጎኑን ዓይን በመጠኑ ይችለዋል፣ የላይና ታቹን ግን አይችልም። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ምሰሶው አንድ ነው፤ ያ ሰውዬ መጥቶ ቢያይልኝ ደስ ባለኝ።

አንተ እንደኔ አትሁን። አንዱን ጎን ጨርሰህ ሳትገጥም ሌላውን አትክፈት። በየፕሪዝሙ ሻካራ ጎን ላይ በእርሳስ «ቀኝ ላይ»፣ «ቀኝ ታች» እያልክ ጻፍ፣ አቅጣጫውንም በቀስት አመልክት። ጉሙ የዓይን መያዣው ሌንስ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ፕሪዝሙን ጭራሽ አትንካው። የማተኮሪያው ቀለበት ከደረቀም በፒንሳ አትታገለው፤ የደረቀ ግራሶ ነው፣ ጠብታ ዘይት አድርገህ አሳድረው። እኔ ቸኩዬ ጥርሱን በላሁት፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።