ስለ ችፌ፣ ስለ ማሳከክና ስለ አስም፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

በቆዳ ሕክምና ነርስነት የማገለግል ስሆን፣ ችፌን በተመለከተ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን እነሆ አንድ ላይ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በሕፃንነቱ ችፌ ነበረበት፤ አሁን አስም ጀመረው። በቅባት ስናጠፋው ወደ ውስጥ ገብቶ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፤ ራስዎን አይውቀሱ። ሁለቱ ሕመሞች የሚገናኙት ከሥር መሠረታቸው ነው። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የቆዳን የላይኛ ሽፋን የሚያጠነክረው ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን በዘር ምክንያት የሚጎድል ሲሆን፣ በሳሳው ቆዳ በኩል የአቧራና የአበባ ብናኝ ሲገባ የሰውነት መከላከያ እንደ ጠላት ይለየዋል፤ ኋላም ያው ብናኝ በትንፋሽ ሲገባ የመተንፈሻ ቧንቧው ይቆጣል። ችፌ ያለበት ሁሉ ግን አስም አይዘውም፤ ይበልጥ የሚያሰጋው ቀደም ብሎ የጀመረና የጠና ችፌ ነው።

ጥያቄ፦ የቆዳን ቁጣ የሚያበርደው የስቴሮይድ ቅባት ቆዳ ያሳሳል ስለሚባል ልተወው?

መልስ፦ ጠንካራው ዓይነት፣ በተለይ ፊትና እጥፋት ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ በእርግጥ ያሳሳል። እኔ ዘወትር የማየው ጉዳት ግን ከፍርሃት የሚመጣው ነው፦ በጥቂቱ ነካ አድርገው በሁለተኛው ቀን ያቆሙታል፣ ችፌው ያገረሻል፣ ልጁም ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ከአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ቅባት ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቆዳ ይበቃዋል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር በቀን አንድ ጊዜ፣ ማሳከኩ ቆሞ ቆዳው ሲዳሰስ እስኪለሰልስ ይቀባል። ለፊት እንደ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ያለ ለስላሳ ዓይነት ወይም ስቴሮይድ ያልሆነው ታክሮሊመስ ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት፣ ከገላ መታጠብ በኋላ ወዲያውኑ፣ በየቀኑ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ልጅ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለቁ ብክነት አይደለም።

ጥያቄ፦ የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስቆመዋል?

መልስ፦ ክኒኑ የሚያግደው ሂስታሚን የተባለውን የሰውነት ንጥረ ነገር ነው፤ የችፌ ማሳከክ ግን በአብዛኛው ከሂስታሚን ስለማይመጣ እምብዛም አይረዳም። የቤቱ ሰው ሁሉ ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነ ደግሞ እከክ የተባለው፣ በጥቃቅን ተባይ የሚመጣ ተላላፊ የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሁሉም ይመርመሩ።

ጥያቄ፦ ችፌንና አስምን ሁለቱንም የሚያክም መድኃኒት አለ?

መልስ፦ ዱፒሉማብ የተባለው መርፌ አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ለችፌ፣ በ2018 ለአስም ተፈቅዷል። የሚሰጠው ሕመሙ ለጠናባቸው ሲሆን፣ ቆዳው ስለዳነ ብቻ የአስም መንፊያን (በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት) በራስ ውሳኔ ማቆም አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስሮጠው ምንድን ነው?

መልስ፦ በችፌው ላይ ተሰብስበው የሚወጡ፣ የሚያምሙ ትናንሽ ውኃ ቋጠሮዎች ከትኩሳት ጋር፤ እንዲሁም በመንፊያ የማይሻል የትንፋሽ ማጠር።