በወብ ሸለቆ የሚያስፈራው ክረምቱ ሳይሆን የበጋው ሌሊት ነው

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደሚገኘው ወብ ሸለቆ ለአራት ቀን የእግር ጉዞ በነሐሴ ይሂዱ ወይስ ታኅሣሥን ይጠብቁ እንደሆነ ጠይቀዋል። በተለያየ ወቅት ሦስት ጊዜ የሄድኩ ሰው ነኝና ልመልስልዎ፦ ሸለቆው ዓመቱን ሙሉ ይኬድበታል፤ ከወሩ ይልቅ የሚያስጨንቀው የመኝታ ከረጢቱ ነው።

1. በነሐሴ ጭቃው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ፍንጫ ሀበራ ፏፏቴ ግርማው የሚታየው ያን ጊዜ ነው። ውኃ የማያስገባ ጫማ ያድርጉ፣ ለዕቃዎ ፈረስ ይከራዩ፤ ይበቃዎታል።

2. ቀይ ቀበሮ በቀን ስለሚያድን በየትኛውም ወር ይታያል። እኔ ያየሁት ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ጆሮውን ቀስሮ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቅ ከቆመ በኋላ፣ ፍልፈሉ ብቅ ብሎ ሲያመልጠው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እየተዝናና ሄደ።

3. ብርዱ። በታኅሣሥ ስሄድ ዕቃ ያከራየችኝ የአንድ አስጎብኚ ቢሮ ሠራተኛ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «በጋ አይደል እንዴ? ምን ብርድ አለ?» ብላ ስስ ከረጢት ሰጠችኝ፤ እኔም ሞኙ አመንኳት። ሸለቆው ከባሕር ወለል በላይ 3,500 ሜትር ገደማ ነው፤ በበጋ ደመና ስለማይኖር ምድሪቱ ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ጀንበር እንደጠለቀች ይበተንና ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለኝን ልብስ ሁሉ ደርቤ ቁጭ ብዬ ነበር፤ ሲነጋ የኮዳዬ ውኃ በረዶ ሆኗል፣ የድንኳኑም ጨርቅ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። በዚያው በፍንጫ ሀበራ ዋሻ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደነበር በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ እነርሱስ እሳት ነበራቸው። በሁለተኛው ሌሊት ፈረስ የሚመራልን ልጅ ቡልኮውን ባያለብሰኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። በማግስቱ ጉዞውን አቋርጬ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ወዳለባት ወደ ዲንሾ ተመለስኩ። የቀሪዎቹን ቀናት ክፍያ እንዲመልሱልኝ ስጠይቅ «ያቋረጡት እርስዎ ነዎት» ተባልኩ፤ ገንዘቡ በዚያው ቀረ።

በዓመቱ በጥር፣ ብርዱ ሳይለዝብ፣ የራሴን ከረጢት ይዤ ተመለስኩና እስከ ሳኔቲ አምባ ድረስ በእግሬ ዘለቅሁ። እርስዎም የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ አድረው ከፍታውን ይልመዱ፤ የፓርኩንም መግቢያ እዚያው ይክፈሉ። ከረጢት የሚከራዩ ከሆነ ግን የማንንም ቃል ሳይሰሙ፣ ከዜሮ በታች እስከ 10 ዲግሪ የሚችል መሆኑን ጨርቁ ላይ ከተሰፋው ጽሑፍ ራስዎ ያንብቡ።